ያለ ቦታው ያደገ የጆሮ ቆዳ፦ ሕክምናውን እንዴት ይመርጣሉ?

«ኮለስቲያቶማ ነው፣ ማለትም ያለ ቦታው ያደገ የጆሮ ቆዳ፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ከተባለ በኋላ ሐኪሙ የሚናገረው ነገር ብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ አይገባም። ግድግዳው ይነሣል ወይም ይቆያል፣ ከዓመት በኋላ ዳግም ይከፈታል ወይም በኤምአርአይ ይታያል፣ አጥንቶቹ አሁን ይጠገናሉ ወይም ለሌላ ጊዜ ይተዋሉ። ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ይዞ የሚወጣው አንዲት ቃል ናት፦ ኦፕራሲዮን። የትኛው ኦፕራሲዮን እንደሆነ ግን አልጋው ላይ ከመውጣት በፊት መታወቅ አለበት፤ ምርጫዎቹ በጣም የሚለያዩት ከዚያ ቀን በኋላ በሚመጡት ዓመታት ነውና። አንዱ ጆሮዎን ዕድሜ ልክ እየተመላለሱ ያስጠርግዎታል። ሌላው እንደ ልብ ያዋኝዎታል፣ ነገር ግን ቆዳው ተመልሶ ይመጣ ይሆን እያለ ለዓመታት ያስጠብቅዎታል።

ቆዳው እዚያ ምን ይሠራል?

በሌላው የሰውነት ክፍል ያረጀ ቆዳ ባለበት ይረግፋል። በጆሮ ቦይ ውስጥ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቦዩ ብዙም ሳይቆይ በተደፈነ ነበር። ስለዚህ የጆሮ ቆዳ ይጓዛል። ከታምቡሩ መሐል ተነሥቶ ወደ ዳር፣ ከዚያም በቦዩ ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ፣ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ገደማ ቀስ እያለ ይሄዳል። ኩኩን ተሸክሞ የሚያወጣውም ይኸው ጉዞ ነው። ጆሮውን በጥጥ እንጨት የሚጠርግ ሰው፣ በራሱ ጊዜ ሊወጣ የነበረውን መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ከአፍንጫ ጀርባ ተነሥቶ ወደ መሐል ጆሮ አየር የሚያስገባው ቱቦ በደንብ የማይከፈት ከሆነ፣ ውስጥ ያለው አየር ይመናመንና ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው የታምቡሩ ላይኛው ስስ ክፍል ነው። እዚያ ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። በኪሱ ውስጥ የሚረግፈው ቆዳ መውጫ ያጣና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተደራረበ ይከመራል። ሲረጥብ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ የሚሸት ፈሳሽም ይጀምራል። በተቀደደ ታምቡር ጠርዝ በኩል ቆዳ ወደ ውስጥ ሲሻገርም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ጥቂት ልጆች ደግሞ ይዘውት ይወለዳሉ፤ ባልተቀደደ ታምቡር ጀርባ እንደ ነጭ ዕንቁ ሆኖ ይታያል።

ኮለስቲያቶማ የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር በ1838 እ.ኤ.አ. ሲሰይመው ስብ ያለበት ዕጢ አድርጎ ነበር የወሰደው። ስያሜው ቀረ እንጂ ነገሩ ስብም ዕጢም አይደለም። ካንሰርም አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም። ሆኖም አጥንት ይበላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተጎጂ ከሦስቱ ጥቃቅን የመስሚያ አጥንቶች መካከለኛው፣ መስፍ የሚባለው፣ ቀጭን እግሩ ነው። ሲቀጥል ሚዛን የሚጠብቀውን የውስጥ ጆሮ ቦይ ይሸረሽራል፣ የፊትን ጡንቻዎች የሚያዘውን ነርቭ ያራቁታል፣ ከአንጎል የሚለየውን ስስ የአጥንት ጣሪያም ይበሳል። ይህ ሁሉ በዝግታ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ሕመም ይካሄዳል። «እሱ እንኳ አያመኝም፣ ብቻ ይሸታል» እያሉ ዓመታት የሚያልፉት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ይለይ

በጆሮ ቦይ ውስጥ የቆዳ ክምችት የታየበት ሰው ሁሉ አንድ በሽታ የለበትም። ሕክምናቸውም የተለያየ ስለሆነ የመጀመሪያው ምርጫ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ኬራቶሲስ ኦብቱራንስ የሚባለው የረገፈ ቆዳ ቦዩን እንደ ውታፍ ሲደፍነው ነው። በብዛት በወጣቶች፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱም ጆሮ ይታያል። ድንገተኛ ጠንካራ ሕመምና የመስማት መቀነስ ያመጣል። ውታፉ ከቦዩ ቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ሲወጣ ያማል፣ አንዳንዴም ማደንዘዣ ይጠይቃል። የቦይ ኮለስቲያቶማ ግን በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች፣ በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ደብዘዝ ያለ ግን የማይለቅ ሕመምና ፈሳሽ ይዞ ይመጣል። መስማት ብዙም ላይቀንስ ይችላል፣ ከስር ግን አጥንቱ ተቦርቡሮ ይገኛል፤ በተለይ የቦዩ ወለል። እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለቱ እንደ አንድ በሽታ ይታዩ ነበር። ልዩነታቸው ለታካሚው ትልቅ ነው፦ የመጀመሪያው በየጊዜው በማስጠረግ ይያዛል፣ ሁለተኛው የበላው አጥንት ካለ ኦፕራሲዮን ሊያስከትል ይችላል።

የመሐል ጆሮው ኮለስቲያቶማ ከታምቡሩ ጀርባ የሚኖረው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍልም ስለ እሱ ነው። አንዳንዴ በቦዩ ውስጥ ቀይ ሥጋ ሆኖ የሚታይ ፖሊፕ ከጀርባው ይህንኑ ደብቆ ይገኛል። ያንን ፖሊፕ በጉጠት ስቦ ማውጣት ቀላል ይመስላል፣ ግን ሥሩ ከፊት ነርቭ ወይም እርካብ ከምትባለው የመጨረሻዋ የመስሚያ አጥንት ጋር ተያይዞ ሊሆን ይችላል። «አሁኑኑ ልንቀለው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት መጀመሪያ ምስል ይነሣ ይበሉ።

በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለዓመታት በሚዋኙ ሰዎች ቦይ ውስጥ የሚታየው ጠንካራ እብጠት ደግሞ የአጥንት እድገት ነው፤ ቆዳም ኮለስቲያቶማም አይደለም። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽና የማይድን ቁስል ካለ ግን ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። የጆሮ ቦይ ካንሰር ብርቅ ነው፣ ነገር ግን ለወራት ጠብታ እየተደረገለት የሚዘገየው «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ ነው።

ሲቲ ወይስ ኤምአርአይ?

ሁለቱ አይተካኩም። ሲቲ ስካን አጥንትን ያሳያል፦ የቱ ተበልቷል፣ ጣሪያው ደህና ነው ወይ፣ የፊት ነርቭ በየት በኩል ያልፋል። ለቀዶ ሐኪሙ ካርታው ይህ ነው። መሐል ጆሮው በሙሉ በተደፈነ ጊዜ ግን ሲቲ መግሉን ከቆዳው አይለይም፤ ሁለቱም ያው ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ኤምአርአይ፣ በተለይ ኢኮ ፕላናር ያልሆነው ዲፊውዥን የሚባለው ዓይነት፣ የተከመረውን ቆዳ በጨለማ ውስጥ እንደ በራ አምፖል ያበራዋል፤ የሚያየውም ወደ 3 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በፊት አንድ ብቻ ማንሣት የሚቻል ከሆነ እኔ ሲቲውን አስቀድማለሁ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሚደረገው ክትትል ኤምአርአይ ይበልጣል። ለኤምአርአይ ከመግባትዎ በፊት ጆሮዎን ያስጠርጉ፤ በቦዩ ውስጥ የቀረ የቆዳ ክምር እንደ በሽታ ሊያበራ ይችላል።

ሳይቀደድ መቆየት ይቻላል?

በቦይ ላለው፣ ብዙ ጊዜ አዎ። በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መምጠጫ ይጸዳል። ድምፁ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ያስደነግጣል፣ ጥቂት ያዞራልም፣ ግን ያልፋል። ቁስሉ ጥልቅ ካልሆነና አጥንቱ ብዙ ካልተበላ በጥቂት ወራት ልዩነት እየተመላለሱ ማስጠረግ ለዓመታት ሊያኖር ይችላል። ሕመሙ ካልለቀቀ ወይም ቁፋሮው ከጠለቀ ግን አጥንቱ ተስተካክሎ በራስ ቆዳ ወይም በስስ ሽፋን ይለጠፋል።

የመሐል ጆሮው ሲሆን መልሱ ይጠብባል። የተከመረውን ቆዳ የሚያሟሟ መድኃኒት የለም። የጆሮ ጠብታ ፈሳሹንና ሽታውን ያደርቃል፣ ኪሱ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ጆሮ ሲደርቅ ተድኗል ብሎ መጥፋት በዚህ በሽታ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። የጠብታው ዓይነትም ይመረጣል። ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው እንደ ጄንታማይሲንና ኒዮማይሲን ያሉት የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለበት ይመረጣል።

ያም ሆኖ ሳይነካ መቆየት አግባብ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። ታምቡሩ ቢሳብም የኪሱ ወለል ሙሉ በሙሉ የሚታይና ቆዳ የማይከማችበት ከሆነ በየጊዜው እያዩ መጠበቅ ይበቃል። ማደንዘዣ የማይችል ጤና ያለው ሰው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው፣ እየተመላለሰ ማስጠረግን ሊመርጥ ይችላል። የሚሰማበት ጆሮ አንድ ብቻ የሆነና በሽታው በዚያው የያዘው ሰው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ሐኪሞችም በዚህ ላይ ይለያያሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት ሳይሰማ መወሰን የለበትም።

ዝግ ዘዴ ወይስ ክፍት ዘዴ?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው። ከጆሮ ጀርባ ያለው ማስቶይድ የሚባለው አጥንት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በክፍተቶች የተሞላ ነው። በሽታው ወደዚያ ሲገባ ሐኪሙ አጥንቱን በመሰርሰሪያ ከፍቶ ይከተለዋል። በማስቶይዱና በጆሮ ቦዩ መካከል አንድ የአጥንት ግድግዳ አለ። በዝግ ዘዴ ግድግዳው ይቆያል፤ በክፍት ዘዴ ይነሣና ማስቶይዱና ቦዩ አንድ ሰፊ ክፍተት ይሆናሉ።

ዝግ ዘዴ ጆሮውን በተፈጥሮ ቅርጹ ይተወዋል። ከዳነ በኋላ አብዛኛው ሰው መዋኘት ይችላል፣ የመስሚያ መሣሪያ ያለ ችግር ይገጠምለታል፣ ጆሮውም ራሱን በራሱ ያጸዳል። ዋጋው ከግድግዳው ጀርባ ያለው መደበቂያ ነው። ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ከቀሩ እንኳ ዳግም ያድጋሉ፤ ታምቡሩን የሳበው የቱቦ ችግር ካልተወገደም አዲስ ኪስ ይፈጠራል። የተለያዩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በዝግ ዘዴ ቆዳው ዳግም የሚገኝበት ዕድል ከክፍቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በልጆች ላይ ደግሞ በሽታው ይበልጥ ይፈጥናል፣ ይበልጥም ይመለሳል።

ክፍት ዘዴ ምንም መደበቂያ አይተውም። ሐኪሙ ከዓመታት በኋላም ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ክፍተቱን ከዳር እስከ ዳር ያየዋል። ግን ክፍተቱ ቆዳውን ወደ ውጭ ማጓዝ ያቅተዋል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ፣ መጠረግ አለበት። ውሃ ከገባው ብዙ ጊዜ ይመግላል። የሚዛኑ ቦይ ከቀድሞው ይልቅ ለውጭው ስለሚጋለጥ፣ ሞቅ ካለ ክፍል ወጥቶ ቀዝቃዛ ነፋስ ጆሮውን ሲመታው በቆመበት የሚዞርበት ሰው አለ። አየሩ እንዲዘዋወር ሲባል የቦዩ አፍ ሰፋ ይደረጋል፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ልዩነቱን ያስተውላል።

አሁን ሁለት ሰዎችን ያስቡ። አንዷ መዋኘት የምትወድ፣ የሐኪም ቀጠሮ የማታሳልፍ፣ ኤምአርአይ ያለበት ሆስፒታል ጎረቤቷ የሆነ ወጣት ናት። ሌላው ከሕክምና ማዕከል የሚያርቀው ሥራ ያለው፣ ካሁን በፊትም ሁለት ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ነው። በሽታቸው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ አንድ ዓይነት ኦፕራሲዮን አልመርጥላቸውም። ለእሷ ዝጉ፣ ለእሱ ክፍቱ ይሻላል፤ ዝጉን መርጦ መጥፋት በሽታውን በር ዘግቶ ከውስጥ እንደ መተው ነው። ብዙዎች ክፍቱን እንደ ሽንፈት ያዩታል፣ እኔ ግን አይመስለኝም። ሊመጣ ለማይችል ታካሚ ደረቅና የሚታይ ጆሮ ትልቅ ነገር ነው። እውነት ነው፣ ክፍቱም ቢሆን መጠረግ ይፈልጋል። የዘገየ ጠረጋ ግን የሚሸት ፈሳሽ አምጥቶ ራሱን ያሳውቃል፣ በዝጉ ውስጥ የቀረ ቆዳ ግን ድምፅ የለውም።

በመካከላቸው ሦስተኛ መንገድ አለ። ማስቶይዱ ከተጸዳ በኋላ በታካሚው በራሱ የአጥንት ዱቄት፣ በጡንቻ ወይም ለዚሁ በተሠራ የመስታወት ቅንጣት ይሞላል። ክፍተቱ ስለሚጠብ ጠረጋው ይቀንሳል፣ ከውሃ ጋርም መታረቅ ይቻላል። የሚያሳስበው ግን ከሙሌቱ ሥር የቀረ ቆዳ ካለ በዓይን አለመታየቱ ነው። እንግዲህ ይህን የመረጠ ሰው የኤምአርአይ ክትትል እንደሚችል እርግጠኛ ይሁን።

ኢንዶስኮፕ ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ካሜራ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ይሠራል፤ ከጆሮ ጀርባ መቅደድ ላያስፈልግ ይችላል። ማይክሮስኮፕ በቀጥታ መስመር ብቻ ሲያይ፣ ኢንዶስኮፕ ጥግ ዞሮ ያያል። በአንጻሩ አንድ እጅ ካሜራውን ስለሚይዝ ሥራው በአንድ እጅ ነው የሚሠራው፤ በሽታው ወደ ማስቶይድ ጠልቆ ከገባም ብቻውን አይበቃም። በዚህ ዘዴ ልምድ ያለው ሐኪም ካለ በትንሽ በሽታ ላይ ተመራጭ ነው። ልምዱ የሌለው ሐኪም ስለ ፋሽኑ ብቻ እንዲሞክረው መጠየቅ ግን ብልህነት አይደለም።

ዳግም መክፈት ወይስ በኤምአርአይ ማየት?

ቀድሞ ዝግ ዘዴ የተደረገለት ሰው ሁሉ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ዳግም ይከፈትለት ነበር፤ ሐኪሙ የቀረ ነገር እንዳለ በዓይኑ ያያል፣ ካለም ያወጣል። አሁን በብዙ ማዕከላት ኤምአርአይ ይህን ተክቷል። ያለ ማደንዘዣና ያለ ቁስል መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ስለሚያመልጠው ግን አንድ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ መታየቱ አይበቃም፤ በዓመታት ልዩነት ይደገማል። የመስሚያ አጥንቶቹን ጥገና ለሁለተኛ ዙር ያቆየ ሰው ለማንኛውም ይከፈታልና ምርጫው ለእሱ ቀላል ነው።

መስማትስ?

ታካሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ ሐኪሙ ግን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በእኔ ግምት ሐኪሙ ትክክል ነው። ቅደም ተከተሉ በሽታውን ማስወገድ፣ ጆሮውን ማድረቅ፣ ከዚያ መስማት ነው። አንዳንዴ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መስማት ይብስ ይቀንሳል፤ የተበላውን አጥንት ቦታ ተክቶ ድምፅ ያስተላልፍ የነበረው ራሱ የቆዳው ክምር ስለነበር። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ተበላሸሁ ብሎ ይደነግጣል።

የተበላው አጥንት ብዙውን ጊዜ በታይታኒየም ይተካል። ውጤቱን በብዛት የሚወስነው እርካቧ መኖር አለመኖሯ ነው፦ ከነቅስቷ ካለች አጭሩ ምትክ በላይዋ ይቀመጣል፣ ቅስቷ ከተበላ ረጅሙ ከሥሯ በቀረው ሳህን መሰል መቆሚያዋ ላይ ይቆማል፣ ይህም ያን ያህል አይረጋም። ዝግም ይሁን ክፍት የዚህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ጥገናው ካልተሳካ የመስሚያ መሣሪያ አለ፤ ሁልጊዜ የሚፈስ ጆሮ ላለው ደግሞ ቦዩን ሳይደፍን ድምፁን በአጥንት በኩል የሚያደርስ መሣሪያ አለ።

ከመፈረም በፊት

የፊት ነርቭ መጎዳትና በዚያ ጆሮ መስማትን ጨርሶ ማጣት ሁለቱ ከባድ አደጋዎች ናቸው። ልምድ ባለው እጅ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው፤ በሽታውን መተው የሚያመጣው ግን እነዚሁኑ ነው፣ የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽንም ይጨመርበታል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የፊት ነርቭ መከታተያ መሣሪያ ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። በምላስ በአንድ ወገን ብረት ብረት የሚል ጣዕም መሰማቱ የተለመደ ነው፤ የጣዕም ነርቭ በመሐል ጆሮ ስለሚያልፍ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በወራት ውስጥ ይለቃል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጆሮው ውስጥ መደፈኛ ይኖራል። አፍንጫ በኃይል አይናፈጥም፣ ሲያስነጥስዎት አፍዎን ይክፈቱ፣ ገላ ሲታጠቡ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ይወትፉ፣ በአውሮፕላን ከመብረርዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ። ከባድ ማዞር፣ የፊት መጣመም፣ ትኩሳት ያለው ጠንካራ ራስ ምታት ወይም የአንገት መድረቅ ከታየ፣ ከኦፕራሲዮን በፊትም ይሁን በኋላ፣ ለነገ አይባልም።

ከሆስፒታል ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ቅጂ ይጠይቁ። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ጆሮዎን ሲከፍት የፊት ነርቭ ያለ አጥንት ሽፋን ተጋልጦ ነበር ወይ፣ እርካቧ ቀርታለች ወይ፣ ማስቶይዱ በምን ተሞላ የሚሉትን ከዚያ ወረቀት ብቻ ነው የሚያገኘው። የብረት ምትክ ከገባልዎ የምትኩን ስምና ዓይነት የያዘውን ካርድም አብረው ይቀበሉ፤ የኤምአርአይ ክፍሉ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።